የማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽን ኮድን ማፍጠንና መንከባከብ፦ ደረጃ በደረጃ

አንድ የዜና ገጽ ስትከፍቱ ብሮውዘሩ የሚያመጣው አንድ ፋይል ብቻ አይደለም። ፎቶው፣ ፎንቱ፣ ስክሪፕቱ፣ ማስታወቂያው፣ ተከታትሎ የሚሰልላችሁ ኮድ ሁሉ ሲደመር ከመቶ ሪኩዌስት ማለፉ ብርቅ አይደለም። ኤክስቴንሽናችሁ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ እያንዳንዱን አስቁሞ መዝገቡን ያያል። አብዛኞቹ ሰላማዊ እንግዶች ናቸው፤ ስማቸው መዝገቡ ላይ የለም። ዘበኛው ቀኑን ሙሉ ሲደጋግም የሚውለው «የለህበትም፣ እለፍ» የሚለውን ነው።

ይህን «የለህበትም» በቶሎ ማለት የሚችል ኤክስቴንሽን ፈጣን ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ከዚህ የሚመዘዝ ነው። ጃቫስክሪፕት እንደምታውቁ፣ የሚሠራ ኤክስቴንሽንም በእጃችሁ እንዳለ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩት በፊት ለኩት

ሦስት ቁጥሮች ያዙ። ኤክስቴንሽኑ ተነሥቶ ዝግጁ እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል? በአንድ ሪኩዌስት ላይ ለመወሰን ስንት ይፈጃል? ስንት ሜሞሪ ይዟል?

ለመለካት እንዲህ አድርጉ። ለአንድ ሰዓት ያህል እንደ ወትሯችሁ ኢንተርኔት ተጠቀሙ። ዜና አንብቡ፣ ቪዲዮ እዩ፣ የባንካችሁን ገጽ ክፈቱ፣ የአማርኛ ድረ ገጾችንም አትርሱ። በዚያ ሰዓት ያለፈውን ሪኩዌስት ሁሉ ወደ ፋይል መዝግቡ፤ አድራሻውን፣ ዓይነቱን (ምስል ነው ወይስ ስክሪፕት)፣ የጠራውን ገጽ። ከዚያ ፋይሉን በኖድ ጄኤስ ወደ ማጣሪያ ኮዳችሁ መልሳችሁ አስገቡት። ብሮውዘር ሳትከፍቱ አሥር ሺህ ሪኩዌስት ትፈትናላችሁ ማለት ነው። ኮዱን በቀየራችሁ ቁጥር ያንኑ ፋይል ተጠቀሙ፤ አለዚያ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አድራሻ ውስጥ የመግቢያ ቁልፍ ተሸጉጦ ሊገኝ ይችላል። ፋይሉን ጊትሃብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን በሌሎች ፊደላት ተኩት። ርዝመቱን ግን ጠብቁ፤ ረጅም አድራሻ ለፈተናው ያስፈልጋል።

አማካኝ ላይ ብቻ አትመኩ። ከሪኩዌስቶቹ ግማሾቹ ከአሥር ማይክሮሰከንድ በታች ሆነው ከመቶው አንዱ ሃያ ሚሊሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ገጹን የሚያንቀራፍፈው ያ አንዱ ነው። ከጀርባው ብዙ ጊዜ አንድ ክፉ ሪጀክስ (ጽሑፍ በንድፍ የሚፈልግ ቀመር) አለ፤ ደረጃ 3 ላይ እደርስበታለሁ።

ደረጃ 2፦ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አታንብቡ

ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ጀማሪ የሚጽፈው ኮድ ፊልተሮቹን (የትኛው አድራሻ እንደሚታገድ የሚናገሩትን የመዝገቡን መስመሮች) ደርድሮ ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት አንድ በአንድ ይሞክራል። ሒሳቡን ሥሩት። 60 ሺህ ፊልተር ካላችሁና ገጹ 150 ሪኩዌስት ከላከ፣ ለአንድ ገጽ 9 ሚሊዮን ሙከራ ነው። 60 ሺህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ኢዚሊስት የተባለው የፊልተር ዝርዝር ብቻውን ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት። ሰላዮችን የሚያግደው ኢዚፕራይቬሲ ደግሞ በላዩ ይጨመራል።

መጀመሪያ በዶሜይን ስም ብቻ የሚያግዱትን ፊልተሮች ለይታችሁ አውጡ። በጣም ብዙ ናቸው። እነዚህን በጃቫስክሪፕቱ «ሴት» ውስጥ አስቀምጡ (አዎ፣ በአማርኛ ሲጻፍ ያስቃል)። ሪኩዌስት ሲመጣ ስሙን ከግራ እየቆረጣችሁ ጠይቁ፦ «አድ.ሰርቨር.ምሳሌ.ኮም» አለ? የለም። «ሰርቨር.ምሳሌ.ኮም»? የለም። «ምሳሌ.ኮም»? የለም። በሦስት ጥያቄ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊልተሮች አለቁ።

የቀሩትን በቃል መዝግቡ። «/ኢሜጅ/ባነር/» የሚል ፊልተር ውስጥ ሁለት ቃላት አሉ። «ኢሜጅ» በየአድራሻው ይገኛል፤ «ባነር» ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ፊልተሩን «ባነር» በሚባል መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። አድራሻ ሲመጣ በቃላት ሰንጥቁትና ቃላቱ ያሉባቸውን መሳቢያዎች ብቻ ክፈቱ። የትኛው ቃል ብርቅ እንደሆነ በግምት አትወስኑ። ደረጃ 1 ላይ የቀዳችሁት ፋይል ቁጥሩን ይነግራችኋል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ፊልተሩ «/ባነር» ብሎ ካበቃ «/ባነርስ» የሚለውን አድራሻም መያዝ አለበት። «ባነር» በሚለው መሳቢያ ከከተታችሁት ግን አድራሻው ውስጥ ያለው ቃል «ባነርስ» ስለሆነ መሳቢያው አይከፈትም። ፊልተሩ ሳይጠራ ይቀራል፣ ስሕተትም አይታይም፣ ማስታወቂያው ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ለመዝገብ የሚመረጥ ቃል ግራ ቀኙ በምልክት የታጠረ ይሁን። ከኮከብ (ማንኛውንም ጽሑፍ ከሚወክለው * ምልክት) አጠገብ ያለ ቃልም አይመረጥም።

ቃል ያልተገኘላቸው ፊልተሮች ወደ አንድ የጋራ መሳቢያ ይገባሉ፤ እሱም ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት ይከፈታል። የዚህን መሳቢያ ብዛት በየግንባታው አስታትሙ። ቁጥሩ ከጨመረ አንድ ሰው የሰነፍ ፊልተር ጨምሯል። አንዳንዶቹ በተወሰኑ ገጾች ላይ ብቻ የሚሠሩ ስለሆኑ በገጹ ስም መመዝገብ ይቻላል።

«ኮዱን በሌላ ቋንቋ ብጽፈው አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ብሬቭ የተባለው ብሮውዘር እ.ኤ.አ. በ2019 የማገጃ ሞተሩን በረስት ቋንቋ ጽፎ በአማካይ 69 እጥፍ እንደፈጠነ አስታውቆ ነበር። የቀድሞው ሞተር ግን በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፤ እሱ ራሱ ዘገምተኛ ቋንቋ አይደለም። አዲሱ አሠራር ዩብሎክ ኦሪጅንና ጎስተሪ ከተባሉት ማገጃዎች የተቀዳ ሐሳብ እንደነበረበት ራሳቸው ጽፈዋል። እንደ እኔ ትርፉ የመጣው በዋናነት ከማውጫው (ከመሳቢያዎቹ አደረጃጀት) ነው። መጀመሪያ ማውጫውን አስተካክሉ፤ ቋንቋ መቀየር ካስፈለገ ይደርሳል።

ዩብሎክ ኦሪጅን ካነሣሁ አይቀር፣ የጸሐፊው የሬይመንድ ሂል ኮድ ክፍት ስለሆነ ገብታችሁ አንብቡት። የዶሜይን ስሞቹን በአንድ ረጅም የቁጥር አሬይ ውስጥ በዛፍ መልክ አጭቆ ይይዛቸዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ኦብጀክቶች ሲሆኑ ሜሞሪ አጽጂው ሁሉንም እየዞረ ማየት አለበት፤ አንድ አሬይ ሲሆን የሚያየው አንድ ነገር ነው። የተዘጋጀውን ማውጫም «ሰልፊ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ብሮውዘሩ ሲነሣ ሰልፊውን ያነባል እንጂ ፊልተሮቹን ከዜሮ አይተነትንም።

ደረጃ 3፦ ሪጀክስን ቀንሱ

ኮከብ የሌለበት ፊልተር ተራ የጽሑፍ ፍለጋ ይበቃዋል። ኮከብ ያለበትን በኮከቡ ቆራርጣችሁ ቁርጥራጮቹን በቅደም ተከተል ፈልጉ። ሪጀክስ የግድ የሆነበትን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ ብቻ ኮምፓይል አድርጉት፤ ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ አይጠሩም።

«(ሀ+)+ለ» ዓይነት መደጋገሚያ በመደጋገሚያ ውስጥ ያለበትን አትቀበሉ። ሠላሳ «ሀ» ተደርድረው መጨረሻቸው «ለ» ካልሆነ፣ የጃቫስክሪፕት ሞተር ያሉትን አከፋፈሎች ሁሉ ይሞክራል። አንድ «ሀ» በጨመረ ቁጥር ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ከውጭ የመጣ አንድ እንዲህ ያለ መስመር ብሮውዘሩን ሊያደርቀው ይችላል።

ደረጃ 4፦ «የቤት ሰው» ማን እንደሆነ በትክክል ለዩ

ብዙ ፊልተሮች የሚሠሩት ሪኩዌስቱ ከሌላ ድርጅት ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮዳችሁ ሁለት አድራሻዎች የአንድ ቤት መሆን አለመሆናቸውን ማወቅ አለበት። ሰነፉ መንገድ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ወስዶ ማነጻጸር ነው። «ዜና.ምሳሌ.ኮም» እና «ፎቶ.ምሳሌ.ኮም» ሁለቱም «ምሳሌ.ኮም» ናቸው፤ ጥሩ።

ወደ ኢትዮጵያ አድራሻ ስትመጡ ግን ይሰበራል። በ«.ኮም.ኢቲ» የሚያበቁ ሁለት የማይተዋወቁ ድርጅቶችን ውሰዱ። የሁለቱም የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች «ኮም.ኢቲ» ናቸው። ኮዳችሁ አንድ ቤት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ሰላዩም የቤት ሰው ሆኖ ይገባል። «.ጎቭ.ኢቲ» እና «.ኢዱ.ኢቲ» ላይም ያው ነው። መፍትሔው በሞዚላ አነሣሽነት የተጀመረው ፐብሊክ ሰፊክስ ሊስት የሚባለው ዝርዝር ነው፤ እነዚህ ሁሉ እዚያ ተመዝግበዋል። እሱን ተጠቀሙ፣ ከአዲስ ስሪት ጋርም አድሱት፣ ውጤቱን ካሽ አድርጉ። ለኢቲ አድራሻዎችም ቴስት ጻፉ፤ እኛ ካልጻፍንላቸው ማንም አይጽፍላቸውም።

ደረጃ 5፦ ገጹ ላይ የሚሠራውን ኮድ አቅልሉ

ሪኩዌስት ማገድ አንድ ነገር ነው፤ ገጹ ላይ የቀረውን ባዶ ሳጥን መደበቅ ሌላ። ተጠቃሚው «ከባድ ነው» ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ነው። ይህ ኮድ በየታቡ፣ በየፍሬሙ ይነሣል።

ሁሉንም የመደበቂያ ሴሌክተር በየገጹ አትርጩ። ለገጹ በስሙ የተጻፉትን ወዲያው አስገቡ። ለሁሉም ገጽ የሆኑትን ግን ገጹ ላይ በእርግጥ ያሉትን የክላስና የአይዲ ስሞች ሰብስባችሁ፣ የሚገጥሙትን ብቻ አምጡ። አንዴ የጠየቃችሁትን ስም ዳግም አትጠይቁ።

ገጹ ሲቀየር የሚያሳውቃችሁ ሚውቴሽን ኦብዘርቨር በተጠራ ቁጥር አትሩጡ። የተጨመሩትን አጠራቅሙና በአንድ ጊዜ ሥሩ። በመሃል የኤለመንት ቁመትና ስፋት አትጠይቁ፤ ብሮውዘሩ ገጹን በሙሉ እንደገና ለማስላት ይገደዳል።

ሌላ ራስ ምታት አለ። ሴሌክተሮችን በኮማ አያይዛችሁ አንድ ሕግ ስታደርጉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ስሕተት ቢሆን ብሮውዘሩ ሕጉን በሙሉ ይጥለዋል። አንድ የጠፋ ቅንፍ ሁለት መቶ ጤነኛ ሴሌክተር ይዞ ይወድቃል። ከማያያዛችሁ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ፈትኑ።

አሮጌ ኮድም አራግፉ። «ሃዝ» የሚባለውን የሲኤስኤስ ሴሌክተር ለማስመሰል የተጻፈ ጃቫስክሪፕት ካላችሁ፣ ክሮምና ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ፋየርፎክስ በ2023 መጨረሻ ራሳቸው ደግፈውታል። አጥፉት።

ደረጃ 6፦ ከማኒፌስት 3 ጋር ተስማሙ

ክሮም አሮጌውን የኤክስቴንሽን ሥርዓት፣ ማኒፌስት 2ን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ማጥፋት ጀምሮ በ2025 ጨርሶታል፤ የተካው ማኒፌስት 3 ነው። እዚያ ዘበኛው ተቀይሯል። በሩ ላይ የቆመው ብሮውዘሩ ራሱ ነው፤ እናንተ መዝገቡን ብቻ ታስረክባላችሁ። ፋየርፎክስ ግን በማኒፌስት 3ም የድሮውን መንገድ ክፍት አድርጎ ትቶታል። ስለዚህ ትንተናው አንድ ኮድ ይሁን፤ መውጫው ለየብሮውዘሩ ይለይ።

የክሮም ኮታ ይህ ነው፦ 30,000 ቋሚ (ከኤክስቴንሽኑ ጋር ታሽገው የሚወጡ) ሕጎች ዋስትና አላቸው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ከሌሎች ኤክስቴንሽኖች ጋር የጋራ ነው። ሪጀክስ ያለባቸው ቋሚ ሕጎች ከ1,000 አይበልጡም፤ ወደፊት ወይም ወደኋላ እያየ የሚያጣራውንና ቀድሞ የያዘውን ክፍል መልሶ የሚጠቅሰውን ሪጀክስ ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም። ኮታው እንዳያልቅባችሁ ትልቁ ዘዴ ማጠፍ ነው። ሺህ ዶሜይን ለማገድ ሺህ ሕግ አትጻፉ። አንድ ሕግ የዶሜይን ዝርዝር መያዝ ይችላል።

ቅድሚያ ላይ ተጠንቀቁ። ሁለት ሕጎች እኩል ቅድሚያ ካላቸው፣ «ፍቀድ» «አግድ»ን ያሸንፋል፤ «አግድ» ደግሞ «ወደ ሌላ ምራ»ን ያሸንፋል። ስክሪፕቱን በባዶ ስክሪፕት ለመተካት የጻፋችሁት ሕግ «አይሠራም» ብላችሁ ግማሽ ቀን ከማባከናችሁ በፊት ቅድሚያውን ከፍ አድርጉለት።

ሰርቪስ ወርከሩ (ከጀርባ የሚሠራው የኤክስቴንሽኑ ኮድ) 30 ሰከንድ ሥራ ከፈታ ይገደላል። በተራ ቫሪያብል የያዛችሁት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። «ለዚህ ገጽ አቁም» የሚለውን ምርጫ ቫሪያብል ላይ ብቻ አስቀምጬ፣ ተጠቃሚው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ማገጃው ተመልሶ በርቶ ያገኘው ነበር። የሚቆይ ነገር ወደ ስቶሬጅ ይግባ። ሊስነሮችንም በፋይሉ መግቢያ ላይ መዝግቡ፤ ከአንድ የሚጠበቅ ሥራ በኋላ ከመዘገባችኋቸው ወርከሩ ሲነቃ የመጣው ኢቨንት ሊያመልጣችሁ ይችላል። አዶው ላይ ለሚታየው የታገደ ብዛት ደግሞ ቆጣሪ አትጻፉ፤ ክሮም ራሱ ይቆጥርላችኋል።

ደረጃ 7፦ ዝርዝሮቹን በልክ አምጡ

በተነሣችሁ ቁጥር ዝርዝሩን አታውርዱ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የአንድሮይድ ብሮውዘር ኮድ ይህን ስሕተት ይዞ፣ ሌሎችም ኮዱን ቀድተውት፣ የኢዚሊስት ሰርቨር በውርድ ጎርፍ ተጨናንቆ ነበር። ዝርዝሩ የሚያልፍበትን ቀን ራሱ ይናገራል፤ አክብሩት። ሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ሰዓት እንዳይመጣም ጥቂት የዘፈቀደ መዘግየት ጨምሩ። ከቻላችሁ የተቀየረውን መስመር ብቻ አምጡ፤ ዩብሎክ ኦሪጅን ይህን አሠራር በ2023 ጀምሯል። ፋየርፎክስን አንድሮይድ ስልክ ላይ ጭኖ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ አዲስ አበቤ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ማገጃ የጫነው ዳታ ለመቆጠብ ጭምር ነውና ማገጃው ራሱ ዳታውን ሲበላው ያማል።

ደረጃ 8፦ አቤቱታን ሁሉ ቴስት አድርጉ

የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ደወለች። የስኮላርሺፕ ፎርም እየሞላች ነው፤ ማመልከቻው ማታ ይዘጋል፤ ፋይል አልቀበል ብሏል። ገጹን ረገምነው፣ ኔትወርኩን ረገምነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፊልተር ሳሳጥር «ኤ» እና «ዲ» የተባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተከታትለው ሲመጡ የሚያግድ መስመር ትቼ ነበር። ለማስታወቂያ ያሰብኩት ነው። «አፕሎድ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻው ምን እንደሆነ አስቡ። «ዳውንሎድ»ም ያው።

ስለዚህ ሁለት የፈተና ፋይል ይኑራችሁ። አንዱ የግድ መታገድ ያለባቸው፣ ሌላው ፈጽሞ መታገድ የሌለባቸው አድራሻዎች። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ያመለጠ ማስታወቂያ ያናድዳል፣ የተሰበረ ፎርም ግን ሰው ይጎዳል። ባግ ሪፖርት በመጣ ቁጥር አድራሻው ወደ ፋይሉ ይግባ፣ ከዚያ ኮዱ ይስተካከል።

ጥፋተኛው ፊልተር የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉና ግማሹን አጥፉ። ገጹ ከዳነ ጥፋተኛው ካጠፋችሁት ውስጥ ነው፤ ካልዳነ ከቀረው። ደግማችሁ ክፈሉ። 60 ሺህ ፊልተር ቢኖር እንኳ 16 ጊዜ ይበቃል። የሁለት ፊልተሮች ጥምር ሲሆን ብቻ ዘዴው ይቸገራል፤ እሱም አልፎ አልፎ ነው።

ደረጃ 9፦ ስታወጡ

ፈቃድ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትጠይቁ። የውጭ ላይብረሪም አታብዙ፤ ይህ ኮድ ሰው የሚያየውን ገጽ ሁሉ ያያል። የስቶር አካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያ አድርጉ። ኤክስቴንሽኑን ለመግዛት ኢሜይል ከመጣላችሁ ደግሞ ገዢው የሚገዛው ተጠቃሚዎቻችሁን እንደሆነ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ናኖ አድብሎከርና ናኖ ዲፌንደር ለአዲስ ባለቤቶች ከተሸጡ በኋላ የተጠቃሚ መረጃ የሚሰበስብ ኮድ ገብቶባቸው ከክሮም ስቶር ተነሥተዋል።

አዲስ ስሪት ስቶር ላይ ምርመራ አልፎ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል፤ የተሰበረ ገጽ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ለዚህ ክሮም ውስጥ ተለዋዋጭ ሕጎች አሉ፤ እንደ «አግድ» እና «ፍቀድ» ላሉት ቀላል ሕጎች እስከ 30,000፣ ለሌሎቹ 5,000። ኤክስቴንሽኑ ከእናንተ ዘንድ አንድ ትንሽ የ«ፍቀድ» ዝርዝር በየጥቂት ሰዓቱ ይጠይቅ፤ ፊልተር ብቻ እንጂ ኮድ እንዳይሆን፣ ኮድ ማምጣት ክልክል ነው። ያን ቀን ይህ ስላልነበረኝ የአክስቴን ልጅ «ኤክስቴንሽኑን አጥፊና ገጹን እንደገና ክፈቺው» አልኳት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ላከችው፤ ማገጃውንም እስካሁን መልሳ አላበራችም።